ሉቃስ የጠቀሰው ቃይንም ከየት መጣ?

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚካሄዱ የአማርኛ የሃይማኖት ክርክሮችን የሚከታተል ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ ተከራካሪ ሉቃስ 3፥36ን ይከፍታል። እዚያ ሳላ የቃይንም ልጅ ነው፤ ቃይንም ደግሞ የአርፋክስድ። ቀጥሎ ከዕብራይስጥ የተተረጎመ ኦሪት ዘፍጥረት አውጥቶ ምዕራፍ 11 ቁጥር 12ን ያነባል። እዚህ አርፋክስድ በቀጥታ ሳላን ይወልዳል። በመካከል ማንም የለም። «ታዲያ የተሳሳተው ማነው?» ይላል። መላሹም ብዙ አይቆይም። ወይ «አይሁድ ሆን ብለው ፍቀውት ነው» ይላል፣ ወይ «የገልባጭ ስህተት ነው፣ አታካብድ» ብሎ ያልፋል።

ሁለቱም መልሶች ከማስረጃው ጋር አይገጥሙም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ቃይንም ንጉሥ አይደለም፣ ነቢይ አይደለም፣ በዘፍጥረት ውስጥ አንድ ቃል እንኳን አልተናገረም። ግን የዚህን ሰው ስም ተከትሎ የሄደ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እየተገለበጠና እየተተረጎመ እኛ ዘንድ እንደደረሰ በደንብ ያያል። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ስለ ቃይንም ሕይወት ከስምና ከዕድሜ አልፎ የሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን እንለየው። ቃይናን የሚባል ሌላ ሰው አለ። የሄኖስ ልጅና የመላልኤል አባት የሆነው፣ ከጥፋት ውኃ በፊት የኖረው ነው። በእሱ ላይ ማንም አይከራከርም፤ በሁሉም ቅጂ አለ። የእኛ ሰው ከጥፋት ውኃ በኋላ የመጣው ነው። ኖኅ ሴምን፣ ሴም አርፋክስድን፣ አርፋክስድ ቃይንምን። ቃይንም የሳላ አባት ነው፤ የዔቦርም አያት። አንዳንድ ጽሑፎች እሱንም ቃይናን ይሉታል። ስለዚህ ክርክር ላይ ሁለቱ ቶሎ ይምታታሉ።

አሁን ወደ ቅጂዎቹ። የኦሪት ዋና ዋና ጥንታዊ ምስክሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው አይሁድ የጠበቁት የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ሳምራውያን የያዙት ኦሪት ነው። ሦስተኛው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስክንድርያ ውስጥ ወደ ግሪክ የተተረጎመው፣ የሰብዓ ሊቃናት የምንለው ነው። ቃይንም ያለው በግሪኩ ብቻ ነው። በዕብራይስጡም በሳምራውያኑም የለም። የግዕዙ ኦሪት ከግሪክ ስለተተረጎመ ቃይንምን ይዞ መጣ። የአማርኛ አንባቢ ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው። በሰብዓ ሊቃናት የሚሄድ መጽሐፍ ቅዱስ ከያዘ ያገኘዋል፣ ከዕብራይስጡ የተተረጎመ ከያዘ ያጣዋል። የያዙት የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ የአርፋክስድን ዕድሜ ማየት በቂ ነው። በ135 ዓመቱ ከወለደ ግሪኩ ነው፣ በ35 ከወለደ ዕብራይስጡ።

ይህ የ100 ዓመት ልዩነት ብዙዎች የሚስቱትን ነገር ያሳያል። ከጥፋት ውኃ እስከ አብርሃም ልደት በዕብራይስጡ 292 ዓመት ነው። በግሪኩ በተለመደው ንባብ 1072 ዓመት ይሆናል። ልዩነቱ 780 ነው። «ይህ ሁሉ በቃይንም ምክንያት ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አይደለም። ከቃይንም የመጣው 130 ዓመት ብቻ ነው። ቀሪው 650 የመጣው አባቶቹ ሲወልዱ በነበራቸው ዕድሜ ላይ ነው። ከአርፋክስድ እስከ ሴሩሕ ስድስቱ እያንዳንዳቸው 100 ዓመት ይለያያሉ፣ ናኮር ደግሞ 50። ይህን ደግሞ ሳምራውያኑ ከግሪኩ ጋር ይጋሩታል፤ እነሱም ረጅሙን ቁጥር ይዘው ቃይንምን ግን አያውቁትም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። የዓመታቱ ጉዳይ አንድ ነው፣ የቃይንም ጉዳይ ሌላ። አንዱን ያረጋገጠ ሰው ሌላውን አላረጋገጠም።

አሁን «የገልባጭ ስህተት ነው» ወደሚለው እንምጣ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሉቃስ ሲጽፍ ቃይንም አልነበረም። አንድ ገልባጭ ዓይኑ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ ቁጥር 37 ላይ ያለውን የሄኖስን ልጅ ቃይናንን ቁጥር 36 ላይም ጻፈው። በኋላ ክርስቲያን ገልባጮች የግሪኩን ዘፍጥረት ከሉቃስ ጋር ለማስማማት ሲሉ እዚያም ጨመሩት። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ቤዛ የሚባለው የወንጌል ቅጂ ሉቃስ ላይ ቃይንም የለውም። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የሚቆጠር አንድ ፓፒረስም፣ ቦታው የተጎዳ ቢሆንም፣ ስሙ የነበረው አይመስልም።

ነገር ግን ሉቃስ ከመወለዱ ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረ አንድ ሰው ይህን ያፈርሰዋል። ስሙ ድሜጥሮስ ነው። የባሕረ ሐሳቡን ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስን አይደለም የምለው፤ ያኛው 400 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ነው። ይህ ድሜጥሮስ በግሪክ የሚጽፍ አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ነበር። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ቁርጥራጩን ያቆየልን የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። እዚያ ውስጥ ድሜጥሮስ ከጥፋት ውኃ እስከ ያዕቆብ ወደ ግብፅ መውረድ 1360 ዓመት ነው ይላል።

ቃይንምን በስሙ አልጠራውም። ሒሳቡ ግን ያወጣዋል። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ሲወርድ 130 ዓመቱ ነበር። ይስሐቅ ያዕቆብን በ60 ዓመቱ ወለደ፣ አብርሃም ይስሐቅን በ100። ድምሩ 290። ይህን ከ1360 ብንቀንስ 1070 ይቀራል። አሁን በግሪኩ ዘፍጥረት ከአርፋክስድ እስከ ታራ እያንዳንዱ ሲወልድ የነበረውን ዕድሜ እንደምር፦ 135፣ 130፣ 130፣ 134፣ 130፣ 132፣ 130፣ 79፣ 70። ድምሩ 1070 ነው (ቀደም ሲል 1072 ያልነው ከጥፋት ውኃ እስከ አርፋክስድ ልደት ያለውን 2 ዓመት ጨምረን ነው)። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ ካሉት 130ዎች አንዱ የቃይንም ነው። ብናወጣው 940 ይቀራል፣ የድሜጥሮስም ቁጥር ይበላሻል። እንግዲህ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጨረሻ፣ ክርስቲያን የሚባል ገልባጭ በሌለበት ዘመን፣ በግሪኩ ዘፍጥረት ውስጥ ቃይንም ነበረ ማለት ነው። ሉቃስ ስሙን ሲጽፍ አንባቢዎቹ የሚያውቁትን መጽሐፍ ነው የተከተለው። የሚገርመው ይህን ማስረጃ ያቆየልን አውሳብዮስ ራሱ በዘመን ቆጠራው ቃይንምን አለመቁጠሩ ነው።

ቀጥሎ ኩፋሌ። መጽሐፈ ኩፋሌ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በዕብራይስጥ ተጻፈ። በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ላይ ከ10 በላይ የዕብራይስጥ ቅጂዎቹ ቁርጥራጭ ተገኝቷል። ሙሉው መጽሐፍ ግን የተረፈው በግዕዝ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ አንዱ ነው፣ ቤተ እስራኤልም ያከብሩታል። የአውሮፓ ምሁራን የግዕዙን ጽሑፍ ታትሞ ያዩት በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጀርመናዊው ዲልማን አሳተመው። የእኛ ደብተራዎችና መነኮሳት ግን ያን ጊዜም ሲገለብጡት ኖረው ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ዓለም የጣለውን መጽሐፍ በብራና ላይ ያቆዩት እነዚያ ሰዎች ናቸው።

በኩፋሌ ቃይንም ሥጋና ደም ያለው ሰው ነው። ምሁራን ምዕራፍ 8 በሚሉት ክፍል ታሪኩ ይጀምራል (የምዕራፍ አከፋፈሉ ከእትም እትም ይለያያል)። አርፋክስድ ራሱእያ የምትባለውን የኤላምን የልጅ ልጅ አገባ። ልጅ ወለደችለት። ልጁ አደገ፣ አባቱም ጽሕፈት አስተማረው። ከዚያ ልጁ ከተማ የሚያደርገው ቦታ ሊፈልግ ወጣ። ሲዞር አንድ ዓለት ላይ የቀደሙ ሰዎች የቀረጹትን ጽሑፍ አገኘ። አነበበው፣ ገለበጠው፣ በእሱም በደለ። ጽሑፉ የትጉሃን፣ ማለትም ከሰማይ ወርደው የበደሉት መላእክት፣ ትምህርት ነበር፤ የፀሐይን፣ የጨረቃን፣ የከዋክብትን ምልክት እያዩ የሚጠነቁሉበት ትምህርት። ቃይንም የገለበጠውን ለማንም አልተናገረም። ኖኅ ሰምቶ እንዳይቆጣው ፈራ። በኋላ የያፌት ልጅ የማዳይን ልጅ ሜልካን አገባ፣ እሷም ሳላን ወለደችለት።

ታሪኩን በጥሞና ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ጸሐፊው የጨነቀው ጥያቄ አለው። ጥፋት ውኃ ክፉውን ሁሉ ካጠበ ጥንቆላ እንዴት ተመልሶ መጣ? መልሱ ዓለቱ ነው። ውኃ ያላጠፋው ጽሑፍ ነበር፣ ማንበብ የሚችል አንድ ወጣት ደግሞ ደረሰበት። አባቱ ያስተማረው ፊደል መልካም ነገር ነበር፣ እሱ ግን ደብቆ በሚያነበው ነገር ላይ አዋለው። ኩፋሌ ላይ ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ሰው በገልባጭ የዓይን መንሸራተት ሊወለድ አይችልም።

እዚህ ላይ አቁመን «ስለዚህ ዕብራይስጡ ተፍቋል» ማለት ያምረን ይሆናል። አንቸኩል። ኩፋሌ ራሱ የሚቃወም ነገር አለው። ስለ ሰንበት በሚናገርበት ክፍል በስድስቱ ቀን የተፈጠሩት 22 ፍጥረታት ናቸው ይላል። የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚሄድ ነው። ኩፋሌ ቀጥሎ ከአዳም እስከ ያዕቆብ ያሉት የሰው አለቆችም 22 ናቸው ይላል። እንቁጠር። ከአዳም እስከ ኖኅ 10። ሴም፣ አርፋክስድ፣ ሳላ፣ ዔቦር፣ ፋሌቅ፣ ራግው፣ ሴሩሕ፣ ናኮር፣ ታራ፣ አብርሃም ሌላ 10። ይስሐቅና ያዕቆብ ሲጨመሩ 22። ቃይንም ከገባ 23 ይሆናል። ስለ ቃይንም ከማንም በላይ የሚተርከው መጽሐፍ በቁጥሩ ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። ምናልባት በዓለቱ ኃጢአት ምክንያት ከአለቆቹ ተራ አውጥቶት ይሆናል። ምናልባትም ጸሐፊው ሁለት ዓይነት ወግ ደርሶት ሁለቱንም አስቀምጦ ይሆናል። ለእኔ ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል።

በቃይንም ላይ የሚነሱ ሌሎች ማስረጃዎችም ቀላል አይደሉም። በግሪኩ ዘፍጥረት የእሱ ዕድሜ ከልጁ ከሳላ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም በ130 ዓመታቸው ወለዱ፣ ሁለቱም ከዚያ በኋላ 330 ዓመት ኖሩ። አንድ ሰው ስሙን አስገብቶ ቁጥሩን ከጎረቤቱ የወሰደለት ይመስላል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ሰው ዮሴፍ ረጅሙን ዕድሜ ይጠቀማል፣ አርፋክስድ በ135 ዓመቱ ወለደ ይላል፤ የሚወልደው ግን ሳላን ነው። በዕብራይስጡ 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 1ም ቃይንም የለም። አይሁድ ፍቀውት ቢሆን ኖሮ ከእነሱ ጋር ሰላም ያልነበራቸው ሳምራውያን ለምን አብረው ይፍቁት? ይህ ጥያቄ የሴራውን መልስ ይዘጋዋል።

እንግዲህ የእኔ ግምት ይህ ነው። ቃይንም በአይሁድ ዘንድ የቆየ ወግ ነበር። የግሪኩ ኦሪት ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞታል። ኩፋሌም በሌላ መንገድ አግኝቶታል፤ ምክንያቱም የኩፋሌ ዓመታት ከግሪኩ ጋር አይገጥሙም። በኩፋሌ ቆጠራ አርፋክስድ ቃይንምን ሲወልድ 65 ዓመቱ ነው እንጂ 135 አይደለም። የዕብራይስጡና የሳምራውያኑ ኦሪት ደግሞ ወጉ ያልገባበትን ጽሑፍ ጠበቁ። ሉቃስ በፊቱ የነበረውን መጽሐፍ ተከተለ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም በሌሊት ተነስቶ አልፋቀም።

«የዘር ሐረግ እንዴት ሰው ይጎድለዋል?» የሚል ካለ ማቴዎስን ይክፈት። ማቴዎስ 1፥8 ኢዮራም ዖዝያንን ወለደ ይላል። ከመጽሐፈ ነገሥት እንደምናውቀው በመካከላቸው ሦስት ነገሥታት አሉ፦ አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ። ማቴዎስ ትውልዱን 14፣ 14፣ 14 አድርጎ ለማሳየት ዘለላቸው። ዕዝራም በምዕራፍ 7 የራሱን ሐረግ ሲቆጥር በዜና መዋዕል ያሉ ስድስት ስሞችን ያልፋል። ድሮ በጎጃምና በጎንደር ገጠር ርስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚው አባት ሲቆጥር እንደነበረው ነው፤ ዋናው ነገር ከማን እንደሚወለድ መታወቁ ነበር። ዘፍጥረት 11 ግን ከዚህ ይከብዳል። እዚያ ስም ብቻ አይደለም ያለው፤ እገሌ በዚህ ዓመቱ እገሌን ወለደ ተብሎ ዓመት ተጽፏል። ዓመት ያለበት ሐረግ ላይ አንድ ሰው ሲገባና ሲወጣ የዓለም ዕድሜ ይለወጣል።

ክርክሩ ዛሬ የጋለውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አንድሩ ስታይንማን ቃይንም በኋላ የተጨመረ ነው ብሎ ጻፈ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ስሚዝና ክሪስ ኡድ በሰፊው መለሱለት፤ ቃይንም እውነተኛ ነው አሉ። ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ቅዱስን እንደ እግዚአብሔር ቃል የሚቀበሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ከጀርባው የዘመን ጥያቄ አለ። አየርላንዳዊው ሊቀ ጳጳስ አሸር በ1650 እ.ኤ.አ. በዕብራይስጡ ቁጥር አስልቶ ዓለም በ4004 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ተፈጠረ፣ ጥፋት ውኃም በ2348 ሆነ አለ። የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ግን የተሠራው ከዚያ 200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚህ ቆጠራ ፒራሚዱ ከጥፋት ውኃ በፊት ቆሞ ውኃውን ተሻግሯል ማለት ይሆናል። የግሪኩን ቁጥር የሚይዝ ሰው ጥፋት ውኃን ከ3000 በፊት ስለሚያደርሰው ይህ ችግር ይቀልለታል። የቃይንም 130 ዓመት ከዚህ ውስጥ ድርሻ አለው።

የእኛ ዘመን አቆጣጠርስ? በክርክር ላይ «ቃይንም ከወጣ 5500ው ይፈርሳል» ሲባል ሰምቻለሁ። ባሕረ ሐሳብ ላይ በዓል የምናወጣው ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምረን ነው። 2018 ሲደመር 5500፣ 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ዓመቱም ዘመነ ማርቆስ ነው። ይህ ሒሳብ በቃይንም ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ስጋቱ ትክክል ነበር። ግን አይደለም። የጌታን ልደት በ5500 ዓመተ ዓለም ካስቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያን ጸሐፊዎች አንዱ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዩልዮስ አፍሪካኖስ ነው። እሱ ደግሞ ቃይንምን አልቆጠረውም። በ800 እ.ኤ.አ. ገደማ የነበረው የቁስጥንጥንያው ጊዮርጊስ ሲንኬሎስ በዚህ ነገር አፍሪካኖስንም አውሳብዮስንም ይወቅሳቸዋል፤ የቃይንምን 130 ዓመት ዘለላችሁ ይላቸዋል። እንግዲህ ቃይንም ኖረም አልኖረም፣ 5500ን የተቀበሉ ሰዎች በሁለቱም ወገን ነበሩ።

ጉዳዩ በቤት ውስጥ የሚነካቸው ሰዎችም አሉ። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ኖረዋል። ሽማግሌ ቄሶቻቸው ያደጉበት ኦሪት አርፋክስድን በ135 ዓመቱ ቃይንምን ያስወልደዋል። ልጆቻቸው በእስራኤል ትምህርት ቤት የሚማሩት የዕብራይስጥ ኦሪት ደግሞ በ35 ዓመቱ ሳላን። የዘመን ቆጠራውም እንደዚያው ነው፤ በኢትዮጵያ 7518 የሚባለው ዓመት በአይሁድ አቆጣጠር 5786 ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሰንበት አንዱን ምዕራፍ ከፍተው የተለያየ ሐረግ ሊያነቡ ይችላሉ። የሁለቱም ንባብ ከ2000 ዓመት በፊት በአይሁድ እጅ ነበረ፤ ድሜጥሮስም ዮሴፍም አይሁድ ናቸው። አያትየው የሚያነበው ኦሪት ሐበሻ አገር የተፈጠረ ስህተት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ካለ፣ የድሜጥሮስን 1360 አብረው ይደምሩት።